የሚፈታ ማሰሪያ፦ የአዊ ቤቶች፣ የሲሚንቶ ዘመንና የሕንፃ መዝገብ

አንድ ሕንፃ በፈረሰ ጊዜ ከውስጡ የሚወጣው ነገር ዕቃ ይሁን ጥራጊ የሚወሰነው ገና ሲሠራ ነው። ግንበኛው ሁለት ነገሮችን ያጋጠመበት መንገድ በኋላ እንዲለያዩ የሚፈቅድ ከሆነ፣ የሚያፈርሰውም ሰው ምን ከምን ጋር እንደተጋጠመ የሚያውቅ ከሆነ፣ ምሰሶው ምሰሶ፣ ቆርቆሮውም ቆርቆሮ ሆኖ ወደ ሌላ ቤት ይሄዳል፤ ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ ግን ሁሉም ተደባልቆ የገደል መሙያ ይሆናል። በዚህ ዘመን «ዑደታዊ ግንባታ» የሚባለው አስተሳሰብ፣ ማለትም የግንባታ ቁሳቁስ ከድንጋይ ካባና ከደን ወጥቶ በአንድ አቅጣጫ ወደ ቆሻሻ መጣያ መፍሰሱ ቀርቶ ከሕንፃ ወደ ሕንፃ እየተዘዋወረ እንዲያገለግል የማድረግ ዘዴ፣ በእነዚህ በሁለቱ ላይ የቆመ ነው፤ በሚፈታ ማሰሪያና በማይጠፋ ትውስታ። «ዲጂታል ግንባታ» የሚባለውም የሁለተኛው አካል ነው፤ ኮምፒዩተሩ የሚሠራው ቀድሞ በባለቤቱና በአናጢው ጭንቅላት ውስጥ ይኖር የነበረውን ዕውቀት ወደ መዝገብ ማዛወር ነውና።

በአማራ ክልል በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን፣ በተለይም በእንጅባራና በዳንግላ ዙሪያ፣ ይህንን ጉዳይ በዓይን ማየት ይቻላል። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚያልፈው አውራ ጎዳና ሁለቱን ከተሞች ሰንጥቆ ያልፋል፤ በግራና በቀኙም ሦስት የአሠራር ዘመናት ጎን ለጎን ቆመው ይታያሉ፤ የሣር ክዳን ጎጆ፣ የጭቃ ግድግዳና የቆርቆሮ ክዳን ያለው ባለ ማዕዘን ቤት፣ ከዚያም የብሎኬትና የኮንክሪት ፎቅ።

ታስሮ የተሠራ ቤት

የደጋው አዊ ነባር ቤት ከመሠረቱ እስከ ጉልላቱ ታስሮ የተሠራ ነው። ቋሚዎቹ በተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ በድንጋይ ተቆንጥጠው ይተከላሉ፤ ማገሩ ከውስጥና ከውጭ በጠፍር፣ በገመድ ወይም በልጥ፣ ይኸውም ከእርጥብ እንጨት በተገፈፈ ቅርፊት፣ ተወጥሮ ከቋሚው ጋር ይታሰራል፤ ወራጆቹ ከግድግዳው ጫፍ ተነሥተው መሐል ምሰሶው አናት ላይ ይገናኛሉ፤ ሣሩም በእነርሱ ላይ ክብ እየሠራ በተጠመጠመ ስንጥቅ ቀርከሃ ወይም ቀጭን እንጨት ላይ ያርፋል። በዚህ ቤት ውስጥ በቢላዋ የማይፈታ ማሰሪያ ማግኘት ያዳግታል። ቤተሰብ መኖሪያውን ሲለውጥ ወይም ቤቱ ሲያረጅ ቋሚው በእጅ ይፈተሻል፤ ምስጥ የበላው የታችኛው ጫፍ ተቆርጦ የቀረው ጤነኛ ክፍል ለአጭር ቤት፣ ለበረት ወይም ለማድ ቤት ይውላል፤ የማይረባው ይነድዳል፤ አመዱም ጓሮ ይገባል።

ጭቃው ደግሞ የራሱ ሙያ አለው። አፈሩ ተቆፍሮ ከጤፍ ጭድ ጋር ይደባለቃል፤ ውኃ እየተጨመረበት በእግር ይረገጣል፤ ከዚያም ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት እንዲቦካ ይተዋል፤ በየመካከሉ እየተገለበጠ ዳግመኛ ይረገጣል፤ የበሰበሰ ጭድ ሽታ ሲያመጣና እጅ ላይ እንደ ሊጥ ሲለጠፍ ለምርጊት ደርሷል ይባላል። የቁሳቁስ ሳይንስ ይህንን ሥርዓት በሁለት ነገር ያብራራዋል፤ የጭዱ ክሮች ጭቃው ሲደርቅ የሚፈጠረውን መኮማተር ተጋርተው ስንጥቁን ያሳንሱታል፤ መቡካቱ ደግሞ ከጭዱ የሚያወጣው ሙጫ መሰል ነገር የአፈሩን ቅንጣቶች ያያይዛል። ከሁሉ በላይ ግን ይህ ጭቃ ከሃያ ዓመት በኋላ ከግድግዳው ቢረግፍ እንደገና ውኃ ጠጥቶ፣ አዲስ ጭድ ተጨምሮበት፣ ያው ምርጊት መሆን ይችላል። ሲሚንቶ አንድ ጊዜ ከጠነከረ ወዲያ ይህንን አያደርግም።

አሜሪካዊው ጸሐፊ ስቱዋርት ብራንድ እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተመው መጽሐፉ፣ ሕንፃ ማለት በተለያየ ፍጥነት የሚያረጁ ንብርብሮች ስብስብ ነው የሚለውን ሐሳብ በሰፊው አስተዋውቋል፤ ቦታው ዘላለማዊ፣ አጥንቱ ረጅም ዕድሜ ያለው፣ ቆዳው ቶሎ የሚለወጥ፣ የውስጥ ክፍፍሉና ዕቃው ከሁሉም ፈጥኖ የሚቀያየር ነው፤ ቶሎ የሚያረጀው ንብርብር ቆይቶ ከሚያረጀው ጋር ከተጣበቀ አንዱን ለመቀየር ሌላውን መስበር ግድ ይሆናል። የጎጆ ሠሪ ይህንን ከመጽሐፍ አልተማረውም፤ ነገር ግን ሣሩ በየጥቂት ዓመቱ፣ ምርጊቱ ከክረምት በኋላ፣ ቋሚው ደግሞ ከትውልድ ወደ ትውልድ እንዲታደስ አድርጎ ያዋቀረው ቤት ለብራንድ ሐሳብ ከማንኛውም የመስታወት ፎቅ የተሻለ ምሳሌ ነው።

ይሁንና የጎጆን ውበት ከከተማ ሆኖ ማወደስ ቀላል ነው። የምድጃው ጭስ ሣሩንና ቀርከሃውን ከነፍሳት ይጠብቃል፤ ያው ጭስ የእናቶችን ዓይንና ሳንባ ያከስማል። በዝናብ ብዛቱ በሚታወቀው እንጅባራ ሣር ክዳን የማያቋርጥ ድካም ነው፤ አንድ የእሳት ፍንጣሪም አመድ ያደርገዋል። የአዊ ገበሬ ቆርቆሮን የመረጠው ተታልሎ አይደለም፤ ስለዚህ የሚጠቅመው ጥያቄ ወደ ሣር ስለ መመለስ የሚነሣው ሳይሆን፣ ከጎጆው አሠራር የትኛው ባሕርይ ወደ አዲሱ ቤት ሳይሻገር እንደቀረ የሚጠይቀው ነው።

ቀርከሃ

ኢትዮጵያ ከአንድ ሚሊዮን ሄክታር በላይ የቀርከሃ ሀብት እንዳላት ይገመታል፤ በዚህም በአፍሪካ ግንባር ቀደም ናት። አገር በቀል ዝርያዎቹ ሁለት ናቸው፤ ግንዱ ክፍት የሆነው የደጋ ቀርከሃና ግንዱ ድፍን የሆነው የቆላ ቀርከሃ። የደጋው በእንጅባራና በባንጃ ጓሮዎች የሚበቅለው ሲሆን፣ የቆላው በስተ ምዕራብ ወደ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ በሚያዋስነው ዝቅተኛ ምድር ይገኛል። ቀርከሃ ሣር እንጂ ዛፍ ስላልሆነ ሲቆረጥ ሥሩ አይሞትም፤ በክረምት የሚወጣው ቡቃያ በጥቂት ወራት ውስጥ ሙሉ ቁመቱን ይይዛል፤ ነገር ግን ቁመት ብስለት አይደለም። ግንዱ ለግንባታ የሚበቃው ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ ሲሞላው ነው፤ ዐዋቂው ገበሬም ዕድሜውን የሚለየው በቀለሙ፣ በላዩ ላይ በሚታየው ሽበት መሰል ነገርና ሲንኳኳ በሚሰጠው ድምፅ ነው። በዚህ ላይ ስሕተት ከተሠራ፣ ማለትም ለጋው ከተቆረጠ፣ በውስጡ የቀረው ስኳርና ስታርች ነቀዝን ይጠራል፤ በአንድ ዓመት ውስጥም ከማገሩ ሥር ነጭ ዱቄት መፍሰስ ይጀምራል። ዘመናዊው መፍትሔ የተቆረጠውን ቀርከሃ የቦሮን ጨው በሟሟበት ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍ ነው፤ ነባሩ መፍትሔ ደግሞ ጭስ ነበር፤ ቤቱ ጭስ አልባ ሲሆን ይህ ጥበቃ እንደቀረ ብዙ ሰው ልብ አይልም።

ኮሎምቢያ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣችው የሕንፃ ደንብ ጓዱዋ የተባለውን ቀርከሃ እንደ ማንኛውም የግንባታ ቁሳቁስ ደንግጋለታለች፤ ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣውን የቀርከሃ መዋቅር ደረጃ በ2021 አሻሽሎታል። ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ 2030 የሚዘልቅ የቀርከሃ ልማት ስትራቴጂ አላት። ሆኖም በእንጅባራ መንገድ ዳር የሚታየው ቀርከሃ በአብዛኛው ወንበር፣ መደርደሪያ፣ ቅርጫትና አጥር ሆኖ የሚሸጥ ነው። ይህ የእጅ ሙያ የሚናቅ አይደለም፤ ነገር ግን ቁሳቁሱ ከአጥር ወደ ምሰሶ እንዲያድግ ከተፈለገ መሐንዲሱ «ይህ ግንድ ስንት ዓመቱ ነው? በምን ታከመ? ከየት መጣ?» ብሎ ለሚጠይቀው ጥያቄ የጽሑፍ መልስ ያስፈልጋል። ዛሬ ያ መልስ ያለው በቆራጩ ገበሬ ዘንድ ብቻ ነው።

ተመሳሳይ ነገር በፋግታ ለኮማ ወረዳ ኮረብታዎች ላይ በለማው ዲከረንስ ላይም ይታያል። ይህ ከአውስትራሊያ የመጣ ግራር በአሲድ በተጎዳ መሬት ላይ በጥቂት ዓመት ውስጥ ስለሚደርስ ለብዙ ገበሬ ገቢ ሆኗል፤ አብዛኛው ግን ከሰል ሆኖ ወደ ከተማ ይጫናል። በቅርብ ዓመታት ዝገት መሰል በሽታ ማሳውን ሲያጠቃው የአንድ ዛፍና የአንድ ገበያ ጥገኛ መሆን ያለው አደጋ ጎልቶ ወጥቷል። ከሰል የእንጨት የመጨረሻው ዕጣ ቢሆን ምክንያታዊ ነው፤ የመጀመሪያው ሲሆን ግን አርባ ዓመት በግድግዳ ውስጥ ሊቆይ የሚችል ነገር በአንድ ምሽት ቡና አፍልቶ ያልቃል።

ቆርቆሮና ካላማዳሪያ

ሁለተኛው ዘመን፣ የጭቃ ግድግዳና የቆርቆሮ ክዳን ቤት፣ ከጎጆው ሙሉ በሙሉ አልተላቀቀም። ማሰሪያው ወደ ሚስማር ቢለወጥም ሚስማር ይነቀላል። በዳንግላ ወይም በአዲስ ቅዳም አንድ አሮጌ ቤት ሲፈርስ ሥራው የሚጀመረው ከላይ ነው፤ አናጢው ሚስማሩን አንድ በአንድ እየነቀለ ወደ ታች ይጥላል፤ ከታች ያለው ልጅ የጎበጠውን ሚስማር ድንጋይ ላይ አጋድሞ በመዶሻ ያቀናዋል፤ ቆርቆሮው በመጠንና በዝገቱ ደረጃ ተለይቶ ይደረደራል። ቆርቆሮ ሲመታ ሚስማሩ በጀርባው፣ ማለትም ወደ ላይ ባበጠው መስመር ላይ እንዲያርፍ ይደረጋል፤ ውኃ የሚወርደው በሸለቆው በኩል ነውና። ዳግመኛ ሲመታ ግን አሮጌው ቀዳዳ ከአዲሱ ሞራሌ፣ ማለትም ቆርቆሮው ከሚመታበት እንጨት፣ ጋር አይገጥምም፤ ስለዚህ ጎበዝ አናጢ የተበሳውን ጫፍ በተከታዩ ቆርቆሮ ሥር ደብቆ ያነባብረዋል፤ የማይደበቀውን ቀዳዳ ደግሞ ከብስክሌት ካላማዳሪያ በተቆረጠች ክብ ጎማ ላይ ሚስማር መትቶ ይደፍነዋል። ከሁለተኛው ቤት ወደ ማድ ቤት፣ ከማድ ቤት ወደ አጥርና ወደ ሽንት ቤት፣ ከዚያም በቁራሌው ማዳበሪያ ወደ ብረት ማቅለጫ የሚወርደው ይህ ጉዞ፣ በሙያው ቋንቋ የደረጃ በደረጃ አጠቃቀም ይባላል፤ አንድ ቁሳቁስ ጥራቱ በቀነሰ ቁጥር ለጥራቱ የሚመጥን ሥራ እየተሰጠው መኖሩ ነው። በአዲስ አበባ መርካቶ የሚገኘው ምናለሽ ተራ የዚህ ጉዞ ትልቁ መናኸሪያ ነው።

የፈሰሰ ቤት

የግንባታ ሙያ የአማርኛ ቃላት ለሁለት የተከፈሉ ናቸው። ምሰሶ፣ ቋሚ፣ ማገር፣ ወራጅ፣ ልጥ፣ ካስማ የሚሉት ከጥንት የነበሩ ሲሆኑ፣ ፌሮ፣ ቶንዲኖ፣ ሶሌታ፣ ብሎኬት፣ ሞራሌ የሚሉት ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ የሚተከልና የሚታሰር ነገር ስም ናቸው፤ ከሁለተኛዎቹ ውስጥ ዋናዎቹ ሁሉ የሚመለከቱት የሚፈስስና የሚጣበቅ ነገርን ነው። አሠራሩ ሲለወጥ ቋንቋውም አብሮ መለወጡ የሚያስገርም አይደለም፤ የሚያስገርመው በሁለተኛው ቋንቋ ውስጥ «መፍታት» የሚለው ግሥ ቦታ ማጣቱ ነው። ካሳፎርማው፣ ማለትም ኮንክሪቱ እስኪጠነክር የሚይዘው የእንጨት ቅርጽ፣ ይፈታል፤ ኮንክሪቱ ግን ይሰበራል።

ሲሚንቶ የሚሠራው የኖራ ድንጋይና ሸክላ አፈር ወደ 1,450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት ተቃጥለው በሚያስገኙት ክሊንከር በተባለ ጠጠር መሰል ነገር ነው። በዚህ ጊዜ ከነዳጁ ከሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይልቅ ከድንጋዩ ከራሱ የሚለቀቀው ይበልጣል፤ ስለዚህም የሲሚንቶ ኢንዱስትሪ ብቻውን ሰዎች ከሚለቁት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሰባት በመቶ ገደማ ድርሻ ይይዛል። ለእንጅባራ ነዋሪ ግን ይበልጥ የሚሰማው ሌላ ነገር ነው። አብዛኞቹ የአገሪቱ ፋብሪካዎች ከዓባይ በረሃ ወዲያ ስለሚገኙ ሲሚንቶው ከጎሐ ጽዮን ወርዶ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 በተመረቀው የሕዳሴ ድልድይ ተሻግሮ፣ ወደ ደጀን ወጥቶ ነው በአብዛኛው የሚደርሰው፤ ፌሮውም እንዲሁ። በ2014 ዓ.ም. እንደታየው ዓይነት የሲሚንቶ እጥረት ሲያጋጥም ብሎኬቱ ተደርድሮ፣ ፌሮው ወደ ሰማይ ተቀስሮ፣ ዝገት እያበላው የሚቆም ጅምር ቤት በየሠፈሩ ይበዛል።

የአካባቢው ምድር ግን ባዶ አይደለም። ከእንጅባራ እስከ ጣና ደቡባዊ ዳርቻ የተዘረጋው መሬት በጂኦሎጂ ዕድሜ ወጣት በሆነ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተሸፈነ ነው፤ የዘንገና ሐይቅ ራሱ የተኛው በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ በተፈጠረ ጉድጓድ ውስጥ ነው። በዚህ ምድር የሚገኘው ቀዳዳ የበዛበት ቀይ የገሞራ ጠጠር፣ መንገድ ሠሪዎች ሬድ አሽ የሚሉት፣ በደንብ ከተፈጨ ፖዞላና ይሆናል፤ ፖዞላና ማለት ብቻውን ባይጣበቅም ከሲሚንቶ ወይም ከኖራ ጋር ሲገናኝ የሚጠነክር ማዕድን ሲሆን የክሊንከሩን ከፊል ድርሻ ሊተካ ይችላል። ይህ ግን የሲሚንቶውን ዋጋና ጭስ እንጂ የማሰሪያውን ችግር አይፈታም፤ በቅርብ ገሞራ የተሠራ ብሎኬትም ቢሆን በሞርታር ከተጣበቀ በኋላ የሚለያየው በመዶሻ ነው። ከዚህ የከፋው ደግሞ የጭቃ ግድግዳን በሲሚንቶ የመለሰን ልማድ ነው። ሲሚንቶው እርጥበቱን አምቆ እንጨቱን ከውስጥ ያበሰብሰዋል፤ ሲፈርስም ጭቃው ተመልሶ አይቦካም፣ ሲሚንቶውም ለምንም አይሆንም፤ ሁለት ጥሩ ነገሮች ተገናኝተው አንድ ጥራጊ ይወጣቸዋል።

ከአዲስ አበባ ወደ ዙሪክ

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕንፃ ኮሌጅ ግቢ፣ በልደታ፣ ይህንን ችግር ለመፍታት የተሠሩ ሙከራዎች ቆመዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 ከዙሪኩ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የተሠራው ባለ አንድ ፎቅ ቤት የታችኛው ግድግዳው በተጠቀጠቀ አፈር፣ የላይኛው ደግሞ ከአፈር በተጨመቁ ስስ ጡቦች በተሠራ ቅስት የቆመ ነው፤ በ2012 ደግሞ ከጀርመኑ ባውሃውስ ዩኒቨርሲቲ ቫይማር ጋር የተጨመቀ ጭድ ግድግዳው የሆነ ቤት ተገጣጥሟል። በዚያን ጊዜ የአዲስ አበባው ኮሌጅ ሳይንሳዊ ዳይሬክተር የነበረው ዲርክ ሄበልና እዚያው ያስተማረው ፌሊክስ ሃይዝል፣ ከመሐንዲሱ ቨርነር ዞቤክ ጋር ሆነው፣ እ.ኤ.አ. በ2018 በዙሪክ አቅራቢያ በምትገኘው ዱቤንዶርፍ አንድ የመኖሪያ ክፍል ሠርተዋል። በዚያ ክፍል ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ነገር የተበደሩት እንጂ የፈጁት እንዳልሆነ ተቆጥሮ በብሎንና በመገጣጠሚያ የተያያዘ ነው፤ ሲበቃ ይፈታና ወደ ምንጩ ይመለሳል። ሰዎቹ ከአዲስ አበባ ምን ያህል ተምረው እንደሄዱ መለካት አይቻል ይሆናል፤ ሆኖም ሚስማር ድንጋይ ላይ በሚቃናበት አገር ከኖሩ በኋላ ያንን ክፍል መሥራታቸው እንዲያው አጋጣሚ ነው ለማለት ያስቸግራል።

መዝገቡ

የማሰሪያው ነገር ይህ ከሆነ ትውስታው ይቀራል። የሆላንድ ነዋሪው አርክቴክት ቶማስ ራው፣ ጥራጊ ማለት ማንነቱ የጠፋበት ቁሳቁስ ነው ብሎ ይከራከራል። ብሩመን የተባለችው የሆላንድ ወረዳ የአስተዳደር ወሰኗ ሊቀየር ስለሚችል ለሃያ ዓመት ብቻ የሚያገለግል ማዘጋጃ ቤት በፈለገች ጊዜ፣ እርሱ እ.ኤ.አ. በ2013 የተጠናቀቀውን ሕንፃ እንደ ዕቃ ግምጃ ቤት ነድፎ፣ እያንዳንዱ ክፍል ምን እንደሆነና ሲፈታ ወዴት እንደሚሄድ አስመዝግቦ አስረክቧል። እ.ኤ.አ. በ2017 ሥራ የጀመረው ማዳስተር የተባለው መዝገብም ከዚህ ሐሳብ የመነጨ ነው፤ ለእያንዳንዱ ሕንፃ «የቁሳቁስ ፓስፖርት» ይሰጣል፤ ፓስፖርቱም የቁሳቁሱን ዓይነት፣ መጠን፣ ቦታና አያያዝ ይዘረዝራል።

ለዚህ ዓይነት ፓስፖርት መሠረት የሚሆነው ቢም በሚል ምሕጻር የሚታወቀው የሕንፃ መረጃ ሞዴል ነው። ቢም በኮምፒዩተር የተሣለ ውብ ሥዕል ብቻ አይደለም፤ በውስጡ ያለው በር መስመር ሳይሆን «በር» መሆኑን የሚያውቅ፣ ስፋቱ፣ እንጨቱ፣ ማጠፊያውና ዋጋው አብሮት የተመዘገበ የመረጃ ቋት ነው፤ በሩ በሥዕሉ ላይ ሲቀየር የዕቃው ዝርዝርም አብሮ ይቀየራል። በኢትዮጵያም ቢምን ወደ ሥራ ለማስገባት የመንግሥት የኮንስትራክሽን ተቋማት ሥልጠናና ፍኖተ ካርታ ሲያዘጋጁ ቆይተዋል። ነገር ግን ቢም የሚመጥነው ለትልልቅ ፕሮጀክቶች ነው፤ በ2010 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ለሚገነባው ዓይነት ሕንፃ ይሆናል፤ በዳንግላ ሁለት ክፍል ቤት ለሚሠራ መምህር ግን ከቤቱ የበለጠ ዋጋ ሊያስወጣው ይችላል።

ለእንዲህ ዓይነቱ ቤት የቀረበው አብነት ከግንባታ ዘርፍ ውጭ፣ ከመሬት አስተዳደር ይገኛል። በአማራ ክልል ከ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ ገበሬው ስለ ማሳው ደብተር ተሰጥቶታል፤ በኋላም ማሳዎቹ በአየር ፎቶ ላይ ተለክተው፣ ቁጥር ተሰጥቷቸው፣ በፊንላንድ ድጋፍ በተገነባው ብሔራዊ የገጠር መሬት አስተዳደር መረጃ ሥርዓት ውስጥ መግባት ጀምረዋል። ማሳ ሲወረስ ወይም ሲከራይ ለውጡ በወረዳው ኮምፒዩተር ላይ ይመዘገባል ማለት ነው። በማሳው ላይ ያለው ቤት ግን ቁጥር የለውም፤ በከተማም ቢሆን የሕንፃ አዋጁ የሚጠይቀው ፕላን ጸድቆ በማዘጋጃ ቤት ፋይል ውስጥ ከተቀመጠ በኋላ፣ ባለቤቱ የቀየረው ግድግዳና የጨመረው ክፍል በዚያ ፋይል ላይ ሳይሠፍር ይቀራል። ስለ ያገለገለ እንጨትና ቆርቆሮ መረጃ የሚፈልግ ሰው የሚሄደው ወደ ደላላው ነው። ደላላ በእርግጥ የሚራመድ የመረጃ ቋት ነው፤ ማን ሊያፈርስ እንዳሰበ፣ የማን ጣሪያ ከማን እንደሚሻል ያውቃል፤ ችግሩ ቋቱ የሚከፈተው በኮሚሽን ብቻ መሆኑና ሰውየው ሲሞት አብሮ መዘጋቱ ነው።

ማንኛውም ዲጂታል መዝገብ እዚህ አካባቢ ሲታሰብ ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት መቋረጡ መረሳት የለበትም። መረጃው በሩቅ ሰርቨር ላይ ብቻ ከተቀመጠ መስመሩ ሲዘጋ የሕንፃው ማንነትም አብሮ ይዘጋል፤ ስለዚህ መዝገቡ ያለ ኔትወርክ በስልክ ላይ የሚነበብ፣ ከዚያም አልፎ በወረቀት ታትሞ ከይዞታ ደብተሩ ጋር የሚቀመጥ ሊሆን ይገባዋል።

እንዲህ ዓይነት መዝገብ ለአዊ ሰው ፈጽሞ እንግዳ አይሆንም። በጎጃም ገጠር የቤት ትልቅነት የሚነገረው በካሬ ሜትር አይደለም፤ «ባለ ሃምሳ ቆርቆሮ ቤት»፣ «ባለ ሰማንያ ቆርቆሮ ቤት» ይባላል። ቤቱ በውስጡ በያዘው ቁሳቁስ ብዛት ይጠራል፤ ሰሚውም ወዲያው የጣሪያውን ስፋት፣ የባለቤቱን አቅምና ቤቱ ቢፈርስ የሚወጣውን ዕቃ ይገምታል። የጎደለው ጥቂት ነው፤ ቆርቆሮው ባለ 28 ጌጅ ይሁን ባለ 32፣ ይኸውም ወፍራሙ ይሁን ስሱ፤ በየትኛው ዓመት እንደተመታ፤ ከሥሩ ያለው ሞራሌ ጽድ ይሁን ባሕር ዛፍ፤ በሚስማር ይሁን በብሎን እንደተያዘ። አራቱም መልሶች በአንድ የደብተር መስመር ላይ ይሠፍራሉ፤ ቤቱ በሚሠራበት ሳምንት ከተጠየቀም አናጢው አራቱንም ከነምክንያታቸው ይናገራል።